የውፅዓት ትራንዚስተሮቹ የተቃጠሉበትን ጊታር አምፕ እንዴት እንጠግናለን

አምፑ ሲበራ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል። ወይም ፊውዙ ይተርፍና ስፒከሩ አንዴ «ዱም» ብሎ ኮኑ ወደ አንድ በኩል እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ከባድ ጉምጉምታ ይለቃል፣ ትንሽ ቆይቶም የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። በትራንዚስተር በሚሠራ አምፕ ላይ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቅ የውፅዓት ትራንዚስተሮች ናቸው። ባሕር ዳር ላይ በጣና ዳር መዝናኛዎች፣ በአዝማሪ ቤቶችና በሠርግ ድንኳኖች በዚህ ዓይነት አምፕ የሚያልፈው ጊታር ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ክራርም፣ ፒክአፕ የተገጠመለት መሰንቆም፣ አንዳንዴ ማይክም ይጨመራል። ስለዚህ ብልሽቱ የተለመደ ነው።

ጥገናውም ከባድ አይደለም፤ የሚያከሽፈው ግን ችኮላ ነው። የተቃጠለው ትራንዚስተር ብዙ ጊዜ የሌላ ብልሽት ውጤት ነው። አዲስ ገጥሞ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው አዲሱን ትራንዚስተር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያጣው ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ይህን ለመከላከል የተደራጀ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። አምፑ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት የሚል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አምፕ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የውስጥ ቮልቴጁ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ፣ የውፅዓት ትራንዚስተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ትራንስፎርመሩ በመግቢያው በኩል ሁለት ጥቅል ካለው ወደ 220 መቀየር ይቻላል። ከሌለው ግን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከውጭ ያስፈልገዋል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ እንደሚሞቅም አስቡበት።

ከዚያ ስፒከሩን ነቅላችሁ በመልቲሜትር በኦም ለኩት። 8 ኦም የተባለ ስፒከር ከ6 እስከ 7 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ይህ ጤነኛ ነው። 1 ወይም 2 ኦም ካሳየ ጥቅሉ ሾርት አድርጓል፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ኮኑን በጣቶቻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ጥቅሉ በሙቀት ተጣሟል። አምፑ ሙሉ በሙሉ ተጠግኖ እስኪያልቅ ድረስ ስፒከሩ አይመለስም። ውፅዓቱ ላይ 35 ቮልት ዲሲ የወጣበት አምፕ ስፒከሩ ላይ ከ150 ዋት በላይ ንጹሕ ሙቀት ስለሚጭን ጥሩ ስፒከር በደቂቃ ውስጥ ያከስላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዳዮድ መለኪያ ያለው መልቲሜትር፣ ከ40 እስከ 60 ዋት መበየጃ፣ ሊድ፣ የቀለጠ ሊድ መምጠጫ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ የሚካ ወይም የሲሊኮን መከለያ፣ 1 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር፣ እንዲሁም በስፒከር ፋንታ የሚሆን ሎድ። ለሎዱ 33 ኦም 10 ዋት የሆኑ አራት ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን አያይዙ፤ 8.25 ኦም፣ 40 ዋት ይሆንላችኋል። ይህም ለፍተሻ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን አምፖል ያስፈልጋችኋል። የቆየውን ዓይነት፣ በውስጡ ክር ያለውን 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ፈልጉ። ሃሎጅንም ይሆናል፤ ኤልኢዲና ኢኮኖሚ አምፖል ግን አይሠሩም። አምፖሉን በመያዣው ላይ አድርጋችሁ በግድግዳው ሶኬትና በአምፑ መካከል በተከታታይ አስገቡት፤ ማለትም ከሁለቱ ሽቦዎች የፌዙን ቆርጣችሁ በአምፖሉ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጉ። የመሬት ሽቦው ሳይቆረጥ በቀጥታ ይለፍ። ሁሉንም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ሳጥን ላይ ብታስሩት ለዓመታት ያገለግላችኋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አምፑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ይበራና ኃይሉን ራሱ ይውጠዋል፤ 60 ዋቱ ከ0.27 አምፔር በላይ፣ 100 ዋቱ ከ0.45 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ስህተት ቢኖር እንኳ ትራንዚስተሩ ሳይሞት ታውቁታላችሁ። አምፑ ጤነኛ ከሆነ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ አምፖሉ ለአፍታ ብልጭ ይልና ደብዝዞ ይቀራል። እስከ 50 ዋት ላለው አምፕ የ60 ዋቱን፣ ከዚያ በላይ ለሆነው የ100 ዋቱን ተጠቀሙ። ይህ መሣሪያ ሳይኖር ይህን ጥገና መጀመር አይገባም።

መክፈትና ካፓሲተር ማራገፍ

ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከዚያ ሻሲውን (ሰርኪዩቱን የያዘውን የብረት አካል) ፍቱ። እያንዳንዱን የሽቦ ማያያዣ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት።

ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ2,200 እስከ 4,700 ማይክሮፋራድ ሆነው ከተነቀሉ በኋላም ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። የ1 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በፒንሳ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ካፓሲተር ሁለት እግሮች ላይ ለ30 ሰከንድ አቆዩት፤ ከዚያ በሜትር ለክታችሁ ከ1 ቮልት በታች መሆኑን አረጋግጡ። በካቻቪቴ ሾርት ማድረግ የተለመደ ቢሆንም እግሩንም ቦርዱንም ይጎዳል።

የሞተውን መለየት

ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ሂትሲንክ (ሙቀት የሚበትነው ክንፋም ብረት) ላይ በብሎን የታሰሩት ናቸው። በብዙ አምፖች ቲፕ142 ከቲፕ147፣ ቲፕ35ሲ ከቲፕ36ሲ፣ ወይም 2ኤስሲ5200 ከ2ኤስኤ1943 ጋር ተጣምረው ይገኛሉ። ከጥንዶቹ አንዱ ኤንፒኤን፣ ሌላው ፒኤንፒ ነው። ጽሑፉን ፊት ለፊት ሆናችሁ ስታዩት በእነዚህ ሁሉ ላይ እግሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር ናቸው።

መጀመሪያ ሳትነቅሉ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ለኩ። ሜትሩ ከጮኸ አንዱ ሾርት አድርጓል። ጎን ለጎን የተያያዙ ብዙ ትራንዚስተሮች ካሉ አንዱ ሲሞት ሁሉም የሞቱ ስለሚመስሉ ነቅላችሁ አንድ በአንድ ለኩ። በዳዮድ መለኪያ፣ ለኤንፒኤን ቀዩን ቤዝ ላይ፣ ጥቁሩን ኮሌክተር ላይ ከዚያም ኤሚተር ላይ አድርጉ፤ ሁለቱም ከ0.45 እስከ 0.7 ገደማ ማሳየት አለባቸው። ቀዩንና ጥቁሩን ስታቀያይሩ ምንም አያሳይም። በኮሌክተርና በኤሚተር መካከልም በሁለቱም አቅጣጫ ምንም ማሳየት የለበትም። ለፒኤንፒ ጥቁሩ ቤዝ ላይ ይሁን።

ቲፕ142ና ቲፕ147 ዳርሊንግተን (በአንድ አካል ውስጥ የተያያዙ ሁለት ትራንዚስተሮች) ስለሆኑ ንባባቸው ይለያል። በውስጣቸው ሬዚስተሮችና አንድ ዳዮድ አለ። በዚህ ምክንያት ኮሌክተርና ኤሚተር መካከል በአንድ አቅጣጫ 0.5 ገደማ፣ ቤዝና ኤሚተር መካከል በኦም ሲለካ ደግሞ ጥቂት ሺህ ኦም ያሳያሉ። ይህን ብልሽት ነው ብሎ ጤነኛውን የሚጥል ብዙ ሰው አለ።

የሞተው አንዱ ብቻ ቢሆንም ጥንዱን፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ካሉም ሁሉንም ቀይሩ። በሕይወት የተረፈው ባልደረባው ሾርት ሲያደርግ ከባድ ጫና አልፎበታል፤ በሜትሩ 2 ወይም 3 ቮልት ጤነኛ መስሎ በ70 ቮልት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከጎናቸው ያሉት

አዲሶቹን ትራንዚስተሮች የሚገድላቸው እዚህ አካባቢ ስለሚደበቅ ረጋ ብላችሁ መርምሩ።

ነጫጮቹ የኤሚተር ሬዚስተሮች 0.22፣ 0.33 ወይም 0.47 ኦም፣ 5 ዋት ናቸው። የሜትሩ ገመዶች ራሳቸው 0.2 ወይም 0.3 ኦም ስላላቸው መጀመሪያ ጫፎቹን አገናኝታችሁ ያንን ለኩ፤ ከዚያ ቀንሱ። ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ እነዚህ ሬዚስተሮች አብረው ይበጠሳሉ፤ ከላይ ምንም ሳይታይባቸውም ውስጣቸው ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ቤዝ የሚሄዱትን ትንንሽ ሬዚስተሮችም እንዲሁ ለኩ።

ከዚያ የውፅዓት ትራንዚስተሮቹን የሚነዱት ድራይቨሮቹ፦ ቲፕ41ሲና ቲፕ42ሲ፣ ቢዲ139ና ቢዲ140፣ ወይም ኤምጄኢ340ና ኤምጄኢ350። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ ቢዲ139 እና ኤምጄኢ340 እግራቸው ከፊት ሲታይ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው፤ ከቲፕ41 ጋር የተገላቢጦሽ ነው። በቲፕ41 ልማድ የለካ ሰው ይሳሳታል።

ባያሱን (ድምፅ ሳይኖር በውፅዓት ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ትንሽ ጅረት) የሚወስነው ክፍል ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል። በሁለቱ ድራይቨሮች ቤዝ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ዳዮዶች በተከታታይ፣ አለዚያ አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ከትሪመር (በካቻቪቴ የሚዞር ተስተካካይ ሬዚስተር) ጋር ታገኛላችሁ። ዳዮዱ ከተበጠሰ ወይም የትሪመሩ ጫፍ ግንኙነት ካጣ ሁለቱም የውፅዓት ትራንዚስተሮች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ፤ የፕላሱ ኃይል በቀጥታ ወደ ማይነሱ ይፈሳል። ጣና ዳር በክረምት እርጥበት ትሪመር ስለሚዝግ ይህ ተደጋግሞ የሚገኝ ምክንያት ነው። ትሪመሩ ሲዞር ንባቡ የሚዘል ከሆነ ማጽዳት አያዋጣም፤ በአዲስ ቀይሩት።

በመጨረሻ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን የሬክቲፋየሩን አራት ዳዮዶች፣ ውፅዓቱ ላይ ያለውን 10 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተመልከቱ። ያ 10 ኦም ከከሰለ አምፑ በጆሮ በማይሰማ ከፍተኛ ድግግሞሽ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው፤ ምክንያቱን ሳታገኙ ወደፊት አትሂዱ። በብዙ ጊታር አምፖች በስፒከሩ ማይነስና በሻሲው መካከል 0.1 ወይም 0.22 ኦም ሬዚስተር አለ፤ እሱንም ለኩ። ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ የስፒከሩን ማይነስ ከሻሲው ጋር በፍጹም አታገናኙ።

ሂትሲንኩ ላይ ሁለት ትራንዚስተር ሳይሆን ብዙ እግር ያለው አንድ ቺፕ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ ቲዲኤ7293 ወይም ኤልኤም3886፣ ሥራው ያጥራል፤ ቺፑን መቀየር ነው። የቲዲኤ7293 ጀርባ ከማይነሱ ኃይል ጋር የተያያዘ ስለሆነ መከለያው መቅረት የለበትም።

መለዋወጫ መግዛት

ባሕር ዳር ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ካጣችሁ ከመርካቶ ማስመጣት ነው። ከየትም ይምጣ፣ ሐሰተኛ የ2ኤስሲ5200ና የ2ኤስኤ1943 ትራንዚስተሮች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ውስጣቸው ያለው ሲሊከን ትንሽ ስለሆነ በሜትር ጤነኛ መስለው መካከለኛ ድምፅ ላይ ይሞታሉ። ክብደቱን ከአሮጌው ጋር አነጻጽሩ፤ ጽሑፉን በአሴቶን በራሰ ጥጥ አሹት፣ በቀላሉ ከለቀቀ ተጠራጠሩ። ብዙ የምትገዙ ከሆነ አንዱን መሥዋዕት አድርጋችሁ በፒንሳ ስበሩት፤ 15 አምፔር የሚችል ትራንዚስተር ውስጡ ሰፊ ሲሊከን አለው።

ተመሳሳዩ ከጠፋ በሌላ ስትተኩ ቀድማችሁ የምታዩት ቮልቴጁን ነው። አምፑ ፕላስ 35 እና ማይነስ 35 ካለው በትራንዚስተሩ ላይ 70 ቮልት ያርፍበታል፤ መብራቱ ከፍ ሲል ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ 100 ቮልት የሚችለው ቲፕ35ሲ ይሆናል፤ 60 ቮልት የሆነው ቲፕ3055 ግን አምፔሩ 15 ቢሆንም አይሆንም። ዳርሊንግተንን በተራ ትራንዚስተር አትተኩ። የቲፕ142 ማጉላት 1,000 ገደማ ሲሆን የተራው ከ50 እስከ 150 ነው፤ ድራይቨሩ ሊነዳው አይችልም።

መጀመሪያ ያለ ውፅዓት ትራንዚስተር ማብራት

የተበላሹትን ትንንሾች ቀይራችሁ፣ ትልልቆቹ ገና ሳይገጠሙ፣ በአምፖሉ በኩል አብሩ። አምፖሉ ደማቅ ሆኖ ከቀረ ብልሽቱ ሬክቲፋየር፣ ካፓሲተር ወይም ትራንስፎርመር ላይ ነው። ከደበዘዘ ሁለቱን ዋና ኃይሎች ለኩ፤ ፕላሱና ማይነሱ እኩል ሊሆኑ ይገባል። የቅድመ ማጉያው ፕላስ 15 እና ማይነስ 15 ቮልትም መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ዜነር ዳዮዱ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሬዚስተር ሄዷል።

የድራይቨሮቹ ኤሚተሮች በሬዚስተር ከውፅዓቱ ጋር የተያያዙ ከሆነ ውፅዓቱ አሁንም ወደ ዜሮ ቮልት ሊጠጋ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ቀሪው ሰርኪዩት ጤነኛ ነው። አምፑ በዳርሊንግተን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ያለ እነሱ ውፅዓቱ ትርጉም አይኖረውም፤ በዚህ ደረጃ ኃይሎቹን ብቻ አረጋግጡ።

መግጠም

ካፓሲተሮቹን እንደገና አራግፉ። አሮጌውን ቅባት በአልኮል ጠርጋችሁ ሂትሲንኩ ላይ የብረት ፍርፋሪ እንደሌለ በጣት ዳስሱ። አንዲት ትንሽ ፍርፋሪ ሚካውን ትበሳዋለች። ቅባቱን በሚካው በሁለቱም ወገን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ የሲሊኮን መከለያ ግን ቅባት አይፈልግም። መጀመሪያ ብሎኑን እሰሩ፣ እግሮቹን ከዚያ በየዱ። ተበይዶ ከታሰረ እግሩ ተወጥሮ ይቀርና በሙቀት ብዛት ብየዳው ይሰነጠቃል።

የትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ ኮሌክተር ስለሆነ በእሱና በሂትሲንኩ መካከል በኦም ለኩ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። የባያስ ዳዮዱ ወይም ትንሹ ትራንዚስተር ሂትሲንኩ ላይ ተጣብቆ የነበረ ከሆነ ወደ ቦታው መልሱት። ሙቀቱን እያነበበ ባያሱን የሚቀንሰው እሱ ነው፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ትራንዚስተሮቹ በሞቁ ቁጥር የበለጠ እየፈሰሰባቸው ራሳቸውን ያቃጥላሉ።

ማብራትና ባያስ

ስፒከርም ሎድም የለም፤ ድምፁ ዜሮ ላይ ነው። ትሪመሩን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ፤ የትኛው ወገን ዝቅተኛ እንደሆነ ካላወቃችሁ መሃል ላይ ትታችሁ በአምፖሉ ተማመኑ። አብሩ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ዲሲ ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው፣ ከ100 በላይ ከሆነ አጥፉና ምክንያቱን ፈልጉ። አምፖሉ ካልደበዘዘ ወዲያው አጥፉ።

ባያሱ የሚለካው በአንዱ የኤሚተር ሬዚስተር ጫፎች ላይ በሚሊቮልት ነው። የአምራቹ ቁጥር ካለ እሱን ያዙ። ከሌለ 25 ሚሊአምፔር ጥሩ መነሻ ነው፤ ይህም በ0.22 ኦም ላይ 5.5 ሚሊቮልት፣ በ0.33 ላይ 8፣ በ0.47 ላይ 12 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። አምፖሉ ኃይሉን ስለሚቀንሰው መጨረሻ ላይ አምፖሉን አውጥታችሁ፣ በትክክለኛው ፊውዝ፣ በቀጥታ አስተካክሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ በትንሹ ተንቀሳቅሶ ከቆመ ጥሩ ነው። ሳይቆም ወደ ላይ መውጣቱን ከቀጠለ አጥፉና የባያስ ዳሳሹ ሂትሲንኩን መንካቱን ተመልከቱ።

በሎድ መፈተን

8 ኦሙን ሎድ አገናኙና ከስልክ የአንድ ኪሎ ኸርዝ ድምፅ አስገቡ። በሎዱ ላይ በኤሲ 8 ቮልት ስታገኙ 8 ዋት እያወጣ ነው፤ 20 ቮልት 50 ዋት ነው። አምፖሉን ያላወጣችሁ ከሆነ ድምፁ ሲጨምር አምፖሉ መብራቱና ድምፁ መዛባቱ ብልሽት አይደለም። በ8 ዋት ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሂትሲንኩን እጃችሁ አምስት ሰከንድ መታገስ ከቻለ ሙቀቱ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ብቻ ስፒከሩን መልሱ።

ለምን ሞተ?

ባለቤቱን ጠይቁ፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ተጨማሪ ስፒከር ነው። 8 ኦም ላይ ሌላ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲጨመር 4 ኦም፣ ሦስተኛ ሲጨመር 2.7 ኦም ይሆናል፤ ለ8 ኦም የተሠራ አምፕ ይህን አይችልም። ሁለተኛው ገመድ ነው። የጊታር ገመድን ለስፒከር መጠቀም፣ ወይም አምፑ በርቶ ሳለ የስፒከሩን ጃክ መንቀልና መሰካት ውፅዓቱን ለቅጽበት ሾርት ያደርገዋል፤ ለትራንዚስተር ደግሞ ቅጽበት ይበቃዋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በቀን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ፣ ጀርባው ለግድግዳ የተጠጋ አምፕ በቶሎ ይግላል። ማታ በሐይቁ ዳር ብርሃን የሚስባቸው ጥቃቅን ነፍሳትም በቀዳዳዎቹ ገብተው ከአቧራ ጋር የሂትሲንኩን ክንፎች ይደፍናሉ። ፋን ካለው በየክረምቱ መግቢያ ከፍታችሁ በብሩሽ አጽዱት።

መብራት ሲሄድ አምፑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በጄኔሬተር ስትሠሩ ሙዚቀኛው ከመሰካቱ በፊት በሜትር 220 መሆኑን ለኩ። የመሬቷ እግር ተቆርጣ የመጣ አምፕ ካጋጠማችሁ ሶኬቱን በአዲስ ሳትቀይሩ ለባለቤቱ አትመልሱ፤ ከጊታሩ ሽቦ ላይ እጁን፣ ከማይኩ ላይ ከንፈሩን የሚያሳርፍ ሰው ነው የሚጎዳው።